በእማዬ አንገት ያልጠቆረችው ተሙን

ነጭ ሽንኩርት ልጬ ስነሳ ጣቴ ላይ የሚቀረው ሽታ በምንም ሳሙና አይለቀኝም። ባሌ "እጅሽ ዛሬም ገበያ ውሏል" እያለ ይቀልድብኛል። እሱ ምን ቸገረው! እኔን ግን ያ ሽታ እጄን ይዞ ቀራንዮ ሰፈር ያስገባኛል፤ ከመድኃኔዓለም ቤተ ክርስቲያን ቁልቁል፣ እዚያች ጭቃ ቤት በረንዳ ላይ። በረንዳው ሙሉ በማዳበሪያ የታጨቀ ነጭ ሽንኩርት ነው፣ ከማዳበሪያዎቹ መሃል ደግሞ እማዬ አለች።

እናቴ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ነበር የምትነግደው። አባቴ ገና ሕፃን ሳለሁ ስለሞተ ቤቱ የሁለታችን ብቻ ነበር። እኔ አንገት ላይ፣ ከማተቤ ጋር፣ አንዲት ተሙን ታስራ ነበር። ተሙን የማታውቂ ከሆነ የድሮ የብር ሳንቲም ናት፤ ከአውራ ጣት ጥፍር ትንሽ ሰፋ ትላለች፤ ባንድ ፊቷ ዘውድ የደፋ ንጉሥ፣ በሌላው ጎፈሩን የነሰነሰ አንበሳ አላት። ክርስትና ስነሳ እማዬ አስበስታ ያሰረችልኝ ናት።

እኛ ቤት ብር ጌጥ ብቻ አልነበረም። የእማዬ ወገኖች ብር ገላ ያነባል ይላሉ። ጤነኛ ሰው ላይ ነጭ ሆኖ ይኖራል፤ ሕመም ሲገባ ግን ባለቤቱ ሳያውቅ እሱ ቀድሞ ይጠቁራል። ስለዚህ እማዬ ጠዋት ከእንቅልፌ ስነሳ መጀመሪያ የምታየው አንገቴን ነበር። "ደህና አደርሽ" የሚለው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

አስራ አንደኛ ክፍልን በጨረስኩበት ክረምት ሆቴሎች የተላጠ ነጭ ሽንኩርት ማዘዝ ጀመሩ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲቀጠቅጥ እኔ በረንዳው ላይ ቁጭ ብዬ ስልጥ እውል ነበር። ተሙኗ መጀመሪያ ቢጫ ቢጫ አለች። ከዚያ ናፍጣ እንደፈሰሰበት ውሃ ሰማያዊና ሐምራዊ ሆነች። ከዚያ ጠቆረችልሽ፣ እንደ ምጣድ ቂጥ!

"ምንሽን ነው የሚያምሽ?" አለችኝ እማዬ፣ አገጬን ቀና አድርጋ።

"ኧረ ምንም አላመመኝም!"

"ታዲያ ይቺ ምን ሆና ነው?"

አመድ በወንፊት ነፋች፣ ሎሚ ጨመቀችበት፣ በአሮጌ ነጠላ ቁራጭ ፈተገቻት። በቀዝቃዛ ውሃ አለቅልቃ በትንፋሿ አደረቀቻት። ተሙኗ ነጭ ወጣች፣ እማዬም ፊቷ በራ። ሳምንት ሳይሞላ እንደገና ጠቆረች። ክሊኒክ ወሰደችኝ፣ ደሜ ተመረመረ፣ ምንም የለም። ጸበል ወሰደችኝ፣ በዚያ ብርድ ስንቀጠቀጥ ዋልኩ። እኔም በስርቆት በጥርስ ሳሙና ሞከርኳት፤ ለሁለት ቀን ነጣችና ተመልሳ ያው።

ትምህርት ሲከፈት የኬሚስትሪ አስተማሪያችንን ጠየቅሁት። ሳቀ። "ነጭ ሽንኩርት ውስጥ ድኝ አለ፤ ብርን የሚያጠቁረው እሱ ነው። አንቺ ምንም አልሆንሽም" አለኝ። በደስታ እየሮጥኩ ቤት ገባሁና ለእማዬ አስረዳኋት። እስከ መጨረሻው በጥሞና ሰማችኝ።

"አስተማሪሽ ወልዷል?" አለችኝ።

"እኔ ምን አውቃለሁ!"

"መጀመሪያ ይውለድ።"

የዚያኑ ዕለት ተሙኗን ከማተቤ ፈታች። ፈትጋ አነጣቻትና ከራሷ ማተብ ጋር አሰረቻት። "በቃ። ምንም ካለ በእኔ ይሁን" አለች። በጣም ተናደድኩ። "እማዬ! እንዲህ ይባላል?" ብዬ ጮህኩ። "ዝም በይ" አለችኝና ሽንኩርቷን መመዘኗን ቀጠለች።

እንግዲህ ነገሩ የተምታታብኝ ከዚህ በኋላ ነው። ተሙኗ እማዬ አንገት ላይ አልጠቆረችም። ከጠዋት እስከ ማታ ነጭ ሽንኩርት ውስጥ የምትውል ሴት! አስተማሪው እውነቱን ከሆነ መጥቆር ነበረባት። የእማዬ ወገኖች እውነታቸውን ከሆነ ደግሞ እሷ ደህና ናት ማለት ነው። ሁለቱን እያገላበጥኩ ብዙ አሰብኩ። መጨረሻ ላይ ደስ ያለኝን ያዝኩ። አስተማሪውን እንኳ ክፍል ውስጥ "ቲቸር፣ ድኙ የት ገባ?" ብዬ አፋጠጥኩት። ጭንቅላቱን አከከና "ምናልባት ታጸዳት ይሆናል" አለ። "ኧረ በጭራሽ!" አልኩት። ስታጸዳት አይቻት አላውቅም ነበር።

እማዬ እየከሳች መጣች። "ጾሙ ነው" አለች። ፋሲካ አለፈ፤ "ሙቀቱ ነው" አለች። አክስቴ፣ የእማዬ ታናሽ እህት፣ ከአስኮ ፍራሿን አሸክማ መጣችና "ንግዱን ላግዛት ብዬ ነው" አለችኝ። ይሄን ሁሉ አይቻለሁ እኮ! ዓይን ነበረኝ። ግን ጭንቅ ሲለኝ የእማዬን አንገት አያለሁ፣ ተሙኗ ወተት መስላ ታበራለች፣ እኔም ተመልሼ መጽሐፌ ላይ እደፋለሁ። የአስራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ደርሶ ነበር፤ እማዬ ደግሞ በሕይወቷ የምትመኘው እኔ ያንን ፈተና አልፌ ዩኒቨርሲቲ ስገባ ማየት ብቻ ነበር።

ከስንት ዓመት በኋላ፣ በቀደም፣ ተሙኗን ዓለም ባንክ ሰፈር ወዳለ አንድ ወርቅ ቤት ይዣት ሄጄ ነበር፣ ሰንሰለት ላሠራላት። አንጥረኛው ልጅ በመነጽር አገላብጦ አያትና "እህቴ፣ ማነው እንዲህ የፈገፈጋት? አንበሳው ጎፈር የለውም እኮ" አለኝ። በአመድ እንደሆነ ነገርኩት። "በየቀኑ ነው እንዴ?" አለኝ። ጥቁረቱ ብሩን አይጎዳውም፣ የሚበላው መፈግፈጉ ነው፤ በደረቅ ጨርቅ ጠቅልለሽ ተያት አለኝ። ተውኳት። አሁን ጠቁራ ተቀምጣለች። አንዳንድ ቀን ላነጣት እነሳለሁ፣ አመድ የት አባቴ አገኛለሁ፣ ይሄ ኮንዶሚኒየም ነው! ደግሞ ባነጣት እማዬን የማስደስታት ይመስለኛል፣ ብተዋትም የማሳርፋት ይመስለኛል። የቱ እንደሆነ አላውቅም።

እማዬ ፈተናው የነበረበት ሰኔ ሳይወጣ ነው ያረፈችው። የመጨረሻው ፈተና ቀን ጠዋት ከአልጋዋ አልተነሳችም፤ "ወገቤን ያዝ አድርጎኝ ነው" አለችኝ። ፊቴ ሲለወጥ ስታይ የማተቧን ክር ወደ ብርሃኑ ሳብ አደረገችው። "እያት፣ ምን አላት? ሂጂ፣ ፈተናሽን ስሪ።" ሄድኩ። ፈተናው ቶሎ አለቀና እማዬና አክስቴ ካሰቡት ሰዓት ቀድሜ ተመለስኩ። የውጪው በር ገርበብ ብሎ ነበር፣ ገባሁ። የቤቱ መጋረጃ በነፋሱ ገለጥ ሲል አየኋቸው።

አክስቴ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ጭኗ ላይ አመድ ያለበት ሳህን፣ ግማሽ ሎሚ። እማዬ አንገቷን ቀና አድርጋ ሰጥታታለች፤ ያ አንገት እንዴት ቀጥኗል! እጆቿ ብርድ ልብሱ ላይ ወድቀዋል፣ የምታነሳበት አቅም አልነበራትም። አክስቴ ጨርቅ ከሥር አንጥፋ ተሙኗን በጣቷ ትፈትጋለች።

"ቶሎ በይ፣ ልትመጣ ነው" አለች እማዬ።

"ቆይ፣ ጠርዟ አልለቀቀም።"

"ጠርዟን ተያት። ፊቷ ይበቃል፣ እሷ ፊቷን ነው የምታየው።"

ገብቼ ሳህኑን መበተን አማረኝ። ገብቼ እግሯ ላይ መውደቅም አማረኝ። ሁለቱንም አላደረግኩም። በእግር ጣቴ ወደ ኋላ ተመልሼ ወጣሁ፣ አጥሩ ጥግ ቆሜ አፌን በደብተሬ ሸፈንኩ። እስኪጨርሱ ጠበቅኳቸው። ይበቃቸዋል ስል የቆርቆሮውን በር በእርግጫ መታሁትና "እማዬ! ጨረስኩ!" ብዬ ከውጭ ተጣራሁ። ውስጥ ሳህን ሲንኳኳ፣ አልጋ ሥር ሲገፋ ተሰማኝ።

ስገባ አክስቴ መስኮቱ ጋ ቆማ መጋረጃ ታስተካክላለች። የእማዬ ማተብ እርጥብ ነበር።

"እስቲ ነይ እያት" አለችኝ።

ጎንበስ ብዬ አየሁ። አንገቷ ሥር ትንሽ አመድ ቀርታ ነበር፤ የዳበስኳት አስመስዬ በጣቴ ጠረግኩላት።

"ነጭ ናት እማዬ" አልኳት።

"አላልኩሽም?" አለችኝ፣ ደስ ብሏት።