አሸዋው ከወረደ በኋላ

ልጄ ፒካፑን ገዝቶ ካናዳ፣ ካልጋሪ ከተማ፣ ሳቫና በሚባለው ሰፈር ወዳለው ቤታችን ያመጣው ዕለት መጀመሪያ ያየሁት ከፍታውን ነው። አሮጌ ነው፤ በጎማዎቹ ዙሪያ ያለው ቆርቆሮ ዝጓል። ከልጄ በፊት የያዘው ሰው ከመሬት እንዲርቅለት ብሎ ባሌስትራ በሚሉት የብረት ሞላና በኋላው ጎማ አክሰል መካከል ወፍራም ብረት አስገብቶ ወደ ላይ አንስቶታል። ሊፍት የተደረገ ይሉታል እዚህ። ለመሳፈር በርጩማ ያስፈልገኝ ነበር፤ ልጄ ከትርፍራፊ እንጨት ሠራልኝ።

«እማዬ፣ እዚህ ላይ ሆነሽ ካልጋሪን በሙሉ ታያለሽ» አለኝ ክንዴን ይዞ ሲያወጣኝ።

«እስካሁን ያየኋት አልበቃ ብሎህ ነው?» አልኩት።

ሚስቱ ከኋላ ተቀመጠች። እሑድ ነበር፤ እኔንና ልጄን ቤተ ክርስቲያን አድርሳ መኪናውን ይዛ ወደ ራሷ ጉባኤ ልትሄድ ነው። እሷ ጴንጤ ናት፤ እኛ ኦርቶዶክስ ነን። በዚህ ጉዳይ ቤታችን ውስጥ መቀላለድ አለ፤ መጣላት የለም።

ሃይዌይ ላይ ወጥተን ፍጥነቱ ሰማንያን ሲያልፍ ከመቀመጫዬ ስር አንድ ነገር ተሰማኝ። ወፍጮ ቤት ግድግዳ ላይ እጅ ሲያሳርፉ የሚሰማው ዓይነት ነው። ድምፁ ከስሜቱ ያንሳል። በጎን መስተዋቱ ውስጥ ከኋላችን ያሉት መኪናዎች መልካቸው ደበዘዘ። ልጄ ፍጥነቱን ሲቀንስ ጠፋ፤ ሲጨምር ተመለሰ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ጎማ ነው እማዬ። ባላንስ ማስደረግ አለብኝ።»

እጄን ግን መቀመጫው ላይ እንዳሳረፍኩ ደረስን።

ባለቤቴ የአሰብ መንገድ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። መኪና ስር የሚተኛውን ረጅም የብረት ዘንግ፣ ከካምቢዮው ኃይል ተቀብሎ የኋላውን ጎማ የሚያዞረውን፣ ሻፍት ይሉታል። ሻፍቱ በሁለት ጫፎቹ እንደ ጉልበት የሚተጣጠፈው መስቀል በምትመስል ትንሽ ብረት ነው፤ እሷን ክሮቼራ ይሏታል። እነዚህን ስሞች ያወቅኩት ባለቤቴ ከሞተ በኋላ ነው። ከኋላው ሲከተለው የነበረ ሹፌር ለቅሶ መጥቶ ነገረኝ። ቁልቁለት ላይ ክሮቼራዋ ተበልታ ሻፍቱ ተፈታ፤ እየተወራጨ የፍሬኑን ቱቦ በጠሰው። ጠዋት ሻይ ሲጠጡ፣ «ዛሬ ትንሽ ታንቀጠቅጠኛለች፣ ስደርስ አሳያታለሁ» ብሎት ነበር። ልጄ ያኔ መራመድ አልጀመረም። ሲያድግ መኪና ተገልብጦ ነው አልኩት። ከዚያ በላይ አልጠየቀም፤ እኔም አልጨመርኩም።

ልጄ ቤት ሠሪ ነው። ሥራው ኮክረን በምትባል አጎራባች ከተማ ነው፤ በየጠዋቱ ከተማውን ከሰሜን ምሥራቅ ጫፍ ጀምሮ አቋርጦ ወደ ተራሮቹ አቅጣጫ ይነዳል። ኮክረን ከመድረሱ በፊት ረጅም ቁልቁለት አለ። አንድ ጊዜ ወስዶ አሳይቶኛል። «ቪዩው አያምርም?» ብሎኝ ነበር። ያምራል።

ጎማዎቹን ባላንስ አስደረገ። መንቀጥቀጡ እንደነበረ ቀጠለ። እንደገና አስደረገ። ያው ነው። ከዚያ በመስከረም ማለቂያ፣ ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ መርገፍ ሲጀምር፣ ፒካፑን ጸበል ለማስረጨት ወሰድነው። መኪና ሲገዛ እንዲህ ማድረግ ልማዳችን ነው፤ እንዲያውም ዘግይተን ነበር። ከቅዳሴ በኋላ አባ ወደ ፓርኪንጉ ወጡ፤ ዙሪያውን ረጩ፣ ኮፈኑን አስከፍተው ረጩ፣ መሪውን፣ በመጨረሻም የኋላውን ጭነት መያዣ። የልጄ ሚስት ፒካፑን ከጉባኤዋ ይዛልን መጥታ ቦርሳዋን አቅፋ ራቅ ብላ ቆማ ነበር። ጠብታ ደርሶባት ጉንጯን ስትጠርግ አባ አይተው ፈገግ አሉ።

ወደ ቤት ስንመለስ ልጄ አንድ መደብር ቆሞ አሸዋ ገዛ። ክረምት ከመግባቱ በፊት ፒካፕ ያለው ሰው ሁሉ የኋላው ጎማ በረዶ ላይ እንዳይንሸራተት የአሸዋ ከረጢት ይጭናል። እየደራረበ ጫነና መንገድ ጀመርን። ሰማንያ አለፈ። መቶ ደረሰ። ከመቀመጫዬ ስር ምንም የለም።

«እማዬ!» አለ ልጄ። «ልብ ብለሻል? ቆመ እኮ!»

«ልብ ብያለሁ።»

«ጸበል ነዋ! ባላንስ ያልቻለውን!»

«ይቅርታ» አለች ሚስቱ ከኋላ። «እኔም እኮ ለዚህ መኪና ስጸልይ ነው የከረምኩት። ለምንድን ነው ክሬዲቱ በሙሉ ለአባ የሚሆነው?»

«ግማሽ ግማሽ ተካፈሉ በቃ» አለ ልጄ።

«እማማ ይፍረዱና።»

«እኔ ዳኛ አይደለሁም» አልኩ። ሳቁ። እጄን ከመቀመጫው ላይ አነሳሁ። እኔም አምኜ ነበር።

ክረምቱን በሙሉ ያ ነገር አልተመለሰም። ልጄ ለሚያውቀው ሁሉ አወራ። መሪው የሚርገበገብበት አንድ የቤተ ክርስቲያን ሰው የራሱን መኪና ይዞ አባ ዘንድ እንደሄደም ሰማሁ። ፒካፑ ስር ገብቶ ያየ ማንም አልነበረም። ዳነ የተባለን ነገር ደግሞ ገልጦ ማየት እንደ መጠራጠር ሆነብን፤ እኔም ጭምር።

ጠዋት ልጄ ሲወጣ መስኮት ላይ እቆም ነበር። ወደ ኋላ ነድቶ ከግቢው ወጥቶ ወደ ፊት ማርሽ ሲያስገባ ከስር ቋ ይላል፤ አንድ ጊዜ ብቻ። መኪናው ትንሽ ዝም ይልና ይሄዳል። ስጠይቀው «ብርዱ ነው፣ ብረት ሲበርደው እንደዚያ ይላል» አለኝ። ሊሆን ይችላል አልኩ።

በረዶ የምጠርገው እኔ ነኝ፤ ልጄ ተይ ቢለኝም አልተውኩም። አንድ ቀን ፒካፑ ቆሞ ያደረበትን ቦታ ስጠርግ በነጩ ላይ ቀይ ነገር አየሁ። ጠብታ ጠብታ ነው፤ እንደ በርበሬ ዱቄት፣ ውሃ ነክቶት የሟሸሸ። በጫማዬ ዳሰስኩት። ዘይት አይደለም፤ አይቀባም። ዝገት ነው ብዬ ጠረግኩት። በሌላ ቀንም ነበር። ያው ቦታ፣ በመኪናው መሀል ትይዩ።

ጸደይ መጣ። ልጄ አንድ ቅዳሜ አሸዋውን አውርዶ ጋራዡ ግድግዳ ስር ደረደረው። በነጋታው ወደ ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ ገና ሰማንያ ሳይሞላ መጣ። እንደ ድሮው አልነበረም። ጥርሴ ውስጥ ተሰማኝ። በመስተዋቱ ውስጥ መኪናዎቹ መደብዘዝ ብቻ ሳይሆን ጠፉ፤ ቀለም ብቻ ቀረ።

«ጸበሉ ኤክስፓየር አደረገ እንዴ?» አለች ሚስቱ። ማንም አልሳቀም፤ እሷም።

«አሸዋውን ያወረድከው ትናንት ነው» አልኩ።

«አዎ።»

«የጫንከው ደግሞ ጸበል የተረጨ ዕለት ነው።»

«እማዬ፣ አንቺ ነሽ ስለ ጸበል እንዲህ የምትዪው?»

«ስለ ጸበል አላወራሁም። ስለ አሸዋ ነው የማወራው።»

ፍጥነቱን ቀንሶ በቀኝ በኩል ይዞ አደረሰን። ስንመለስም እንዲሁ። ቤት ስንገባ፣ «እሺ፣ አሸዋው ከሆነ የሚያረጋጋው፣ ጠዋት መልሼ እጭነዋለሁ፤ ምን ችግር አለው?» አለኝ። ቀለል ብሎት ነበር።

ጠዋት ድምፁን ሰማሁ። ከረጢቶቹን ከጋራዡ እየተሸከመ ወደ ፒካፑ ይወረውራል። ነጠላዬን ደርቤ ወጣሁ። በርጩማውን ራሴ አስቀምጬ ወጣሁና ተቀመጥኩ። በሩን ዘጋሁ።

ከረጢት እንዳቀፈ በመስኮቱ አየኝ። «ምነው? የት ልትሄጂ ነው?»

«ኮክረን።»

«እማዬ፣ ሺፍት አለኝ እኮ። እዚያ የት ትቀመጫለሽ?»

«መኪናው ውስጥ።»

«ቀልድሽን ነው?»

«አይደለም። ከሄደ አብረን ነው የምንሄደው።»

«ምንድን ነው ነገሩ? ይሄ ትንሽ ንዝረት ነው! ሰው ሁሉ በእንደዚህ ዓይነት መኪና ይሄዳል።»

«አባትህም ሄዷል» አልኩት። «የሞተው በዚህ ነው። ክሮቼራ ተበልታ። ያን ዕለት ጠዋት እንደሚያንቀጠቅጠው ያውቅ ነበር። ስደርስ አሳያታለሁ ብሎ ነበር።»

ልጄ ከረጢቱን እንደያዘ ቆመ። አንደኛው ጥግ ተቀዶ አሸዋው ጫማው ላይ ይፈስስ ነበር፤ አላየውም።

«ነግረሽኝ አታውቂም።»

«አዎ።»

ከረጢቱን መሬት አስቀመጠ። ስልኩን አውጥቶ ወደ ግቢው ጥግ ሄደና አለቃውን አነጋገረ። እኔ እስኪጨርስ አልወረድኩም።

ሳድል ሪጅ የሚባለው ሰፈር የሚኖሩ ጡረታ የወጡ መካኒክ አሉ፤ ከቤተ ክርስቲያን ነው የምናውቃቸው። ልጄ ሲደውልላቸው ቁርሳቸውን እየበሉ ነበር፤ ቱታቸውን ለብሰው፣ ክሪክና ቁልፋቸውን ይዘው መጡ። ፒካፑን ከላይ እስከ ታች አዩት።

«ማነው ይሄን ግመል የሸጠልህ?»

«ጋሼ፣ በረዶ ላይ ጥሩ ነው ብዬ ነው።»

«ግመል በረዶ ላይ አይቼ አላውቅም።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ «እትዬ፣ እንደምን አደሩ? እርስዎ ነዎት አሉ ያስቆሙት።»

«እግዚአብሔር ይመስገን» አልኩ።

መኪናውን አንስተው፣ በድጋፍ አቁመው፣ ከስር ተኙ። ሻፍቱን በእጃቸው ይዘው ወደ ግራና ወደ ቀኝ ሲያወዛውዙት ያ ቋ የሚል ድምፅ መጣ። ክረምቱን በሙሉ በመስኮት የሰማሁት ነው። ጠመኔ ጠይቀው፣ ሲመልሱት ቦታው እንዳይዛባ ሻፍቱ ላይ ምልክት አደረጉና ቡሎኖቹን ፈቱ። ቀስ ብለው አወረዱት። ከዚያ፣ «ና፣ እጅህን አምጣ» አሉት ልጄን።

መዳፉ ላይ ቀይ ዱቄት አራገፉለት። በረዶው ላይ ያየሁት ነው።

«የክሮቼራዋ ጫፍ ውስጥ እንደ መርፌ የቀጠኑ ብረቶች ነበሩ» አሉ። «የቀረው ይሄ ነው። ግራሶ ካየች ዓመታት ሆኗታል።»

«ግን ጋሼ፣ ክረምቱን በሙሉ ደህና ነበር።»

«ደህና አልነበረም። መኪናው ወደ ላይ ሲነሳ ሻፍቱ የሚገባበት የኋላው ዲፈረንሻል አፍንጫው ወደ መሬት አየ፤ ሻፍቱ አለቅጥ ተጣመመ። አሸዋ ስትጭንበት ጀርባው ዝቅ አለና ጥመቱ ቀነሰ። ዝም አለ እንጂ ክሮቼራዋን መብላቱን አላቆመም።»

ልጄ ዱቄቱን እያየ፣ «እኛ ደግሞ ጸበሉ...» ብሎ አልጨረሰውም።

«ጸበሉን አትንካው። እስከ ዛሬ ያቆየህ እሱ ይሆናል። ግራሶ ግን አባ አይረጩልህም።»

ሁለቱንም ክሮቼራዎች በአዲስ ተኩ። ከባሌስትራው ስር የብረት ሽብልቅ አስገብተው የዲፈረንሻሉን አፍንጫ ወደ ላይ መለሱት። ልጄ ለግድግዳ የሚጠቀምበትን ውሃ ልክ ተቀብለው ደጋግመው ለኩ፤ አንዴ ጨርሰናል ካሉ በኋላ እንደገና አስፈቱት። ልጄ ሲያግዛቸው ዋለ። ሲጨርሱ ምሳ አቀረብኩላቸው። እጃቸውን ሲታጠቡ ልጄን እንዲህ አሉት፦ «እንዲህ ወደ ላይ የተነሳ መኪና መቼም ሙሉ በሙሉ ልክ አይሆንም። ከሌላው ቶሎ ይበላል። ዘይት በቀየርክ ቁጥር ግራሶ ስጠው። እና አዳምጠው።»

በባዶው ፒካፕ ወደ ኮክረን ሄድን፤ እኔና ልጄ ብቻ። አሸዋው ጋራዥ ቀርቷል። እጄ መቀመጫው ላይ ነበር። ሰማንያ፣ መቶ። መስተዋቱ ውስጥ የመኪናዎቹ መብራት ሳይቀር ጥርት ብሎ ይታይ ነበር። ቁልቁለቱ አፋፍ ላይ ልጄ ወደ እኔ ዞር አለ፤ ከዚያ ፊቱን ወደ መንገዱ መልሶ ወረድን። ግማሹን ከወረድን በኋላ ነው የአባቱ መኪና ምን ዓይነት እንደነበረ የጠየቀኝ። የማውቀውን ነገርኩት። ታች እስክንደርስ አለቀ፤ ብዙ አላውቅም ነበር።

አሁን ሌላ ክረምት ነው። አሸዋው ተመልሶ ተጭኗል፤ ካልተጫነ መንሸራተት አለ። ከመጫኑ በፊት አንድ ጊዜ በባዶው ሄጄበታለሁ፤ ልጄ ሳልጠይቀው በርጩማውን አስቀመጠልኝ። አሸዋው ካለ ግን ከመቀመጫው የሚሰማ ነገር አይኖርም፤ ብረቱ እየተበላ ቢሆንም አይናገርም። ስለዚህ ጠዋት መስኮት ላይ ቆሜ ማርሽ ሲያስገባ አዳምጣለሁ። ከሄደ በኋላ መጥረጊያዬን ይዤ እወጣለሁ። ግቢውን ከዳር ጀምሬ እጠርጋለሁ፤ ፒካፑ ያደረበትን መጨረሻ። መጀመሪያ ቆሜ አየዋለሁ።

እስካሁን ነጭ ነው።