እናቴ የጠየቀችው ቅጣት

እናቴ ስለ ኢንተርኔት የምታውቀው ወንድሜን እራት ሰዓት ላይ ከሰው ጨዋታ እንደሚነጥለው ብቻ ነበር። ስለዚህ መርሳ ያለው የወረዳው ጸጥታ ቢሮ ወንድሜን ከኢንተርኔት አገደው ሲባል እልል ትላለች ብዬ ጠብቄ ነበር። እሷ ግን ተናደደች። የንዴቷ ምክንያት እስኪገባኝ ትንሽ ጊዜ ወሰደብኝ።

ነገሩ የተነሳው በውሃ ነው። ግራና አጠገብ ያለው ብርቱካናችን የሚጠጣው ከወንዝ በተጠለፈ ቦይ ሲሆን፣ ውሃውን በየተራ የሚያከፋፍሉት የውሃ አባት የምንላቸው ጎረቤታችን ናቸው። ከአባቴ ጋር አብረው ያደጉ፣ አባቴ የሞተ ቀንም ከሁሉ ቀድመው የደረሱ ሽማግሌ ናቸው። አንድ ቀን በተራችን ውሃው ሳይመጣ ቀረ። አግብቶ የወለደው ወንድሜ፣ ሁለት እርምጃ ሄዶ እንደመጠየቅ፣ የአገሩ ልጆች በሚሰባሰቡበት የፌስቡክ ገጽ ላይ ሽማግሌውን በስማቸው ጠርቶ «የውሃ ሌባ» ብሎ ለጠፈ። በማግስቱ ቦዩ ከላይ ተንዶ እንደነበር ታወቀ። ወንድሜ ጽሑፉን ለማጥፋት ቢጣደፍም ሌላው ገልብጦ አዳርሶት ነበር። ስድቡ አዲስ አበባና ጅዳ ደርሶ፣ ያገኘው ሁሉ የራሱን እየጨመረበት ተመለሰ።

ቢሮው ኢንተርኔት ላይ የሚጻፈውን ሲከታተል የሚውል ሠራተኛ አለው። የአገሩን ሰርግና ለቅሶ ከዘመድ ቀድሞ የሚሰማ ጎልማሳ ነው። ወንድሜን አስጠርቶ ስልኩን ተቀበለውና መስመሩን አዘጋበት፤ ለሲም ካርድ ሻጮችም እንዳይሸጡለት ተነገራቸው። እስከ መኸር ድረስ ኢንተርኔት የሚባል ነገር እንዳይነካ ተባለ። ወንድሜ ቤቱ ገብቶ ተኛ። እውነቱን ለመናገር እፎይ ብሎ ነበር፤ ሰው የሚጽፈውን ከማየት ተገላግሏል።

እናቴ ግን ጠዋት ጠዋት በሽማግሌው ደጅ ታልፋለች። «አሰላሙ አለይኩም» ስትል አንገታቸውን ደፍተው ዝም ይላሉ። ሽማግሌው ሰላምታ የማይነፍጉ፣ አላፊ አግዳሚውን ሁሉ የሚያጫውቱ ሰው ነበሩ። እኔ የማስተምረው ወልድያ ነው። ደወለችልኝና፣ «ሰላምታዬን እንኳ አልመለሱልኝም» ብላ አለቀሰች። እናቴ በቀላሉ የምታለቅስ ሴት አይደለችም። ፈቃድ ጠይቄ በሲሪንቃ በኩል መርሳ ወረድኩና አብረን ወደ ቢሮው ሄድን።

ሠራተኛው ብድግ ብሎ ወንበር ሰጣት።

«እናቴ፣ እገዳው ይነሳ ለማለት ከሆነ የመጡት፣ እኔ ማንሳት አልችልም።»

«ኧረ አነሰው እንጂ!» አለች።

ሰውየው ዞሮ እኔን አየኝ። ለእኔም ለልመና የመጣን ነበር የመሰለኝ።

«በእኛ ደንብ፣ ልጄ፣» አለችው ሠራተኛውን፣ «ገበያ ላይ የተሳደበ እዚያው ገበያው መሀል ቆሞ ነው አውፍ በሉኝ የሚለው። ለቅሶ ላይ የተሳደበም እዚያው ለቅሶው ላይ። ስድቡን የሰማ ይቅርታውንም መስማት አለበት። አንተ ግን ተሳድቦ ሲያበቃ ከገበያው አወጣኸው። እዚያ ያለው ሰው እኚያን የመሰሉ ሰው ሌባ ናቸው እንዳለ ቀረ። የኔው ጉድ ቤቱ ተኝቶልሃል።»

«ታዲያ ምን ይደረግ ነው የሚሉት?»

«ክፈትለትና በሰው ፊት ይፈር። ከዚያ መልሰህ ዝጋው።»

ልጇን አሳልፋ እየሰጠች ነበር፤ እኔ ደግሞ እዚያ ወንበር ላይ ሆኜ ኮራሁባት። ሰውየው አለቃው ዘንድ ገብቶ ብዙ ቆየ። ሲወጣ የወንድሜን ስልክ ይዟል፤ መስመሩም ለጊዜው ተከፍቷል። ይቅርታው ሠራተኛው ባለበት ይሁን ተብሎ፣ አብሮን በባጃጅ ሄደ።

እናቴ ቦታውን መረጠች፦ ቦዩ የተናደበት። ጎረቤት ተጠራ፤ ሽማግሌው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ፤ ስልኩን ይዤ የምቀርጸው እኔ ሆንኩ። ወንድሜ ጉልበታቸው ላይ ተደፍቶ አጉተመተመ።

«አልተሰማም። ስትሳደብ እንዲህ ቀስ ብለህ ነበር እንዴ?» አለች እናቴ።

እንደገና ጀመረ። ቦዩ ተንዶ እንደነበር፣ ሳይጠይቅ እንደጻፈ፣ ሌባ ያላቸው ሰው የሰው ውሃ ነክተው እንደማያውቁ ተናገረ። «አባቴ፣ አውፍ በሉኝ» ሲል ድምፁ ተሰበረ። ሽማግሌው ገና አውፍ አላሉትም። ቪዲዮውን ስድቡ የወጣበት ገጽ ላይ ለጠፍነው።

ማንም ወደ ቤቱ አልሄደም። ሰው መጻፍ ሲጀምር ለሽማግሌው እያነበብኩላቸው ነበር። ያን ጊዜ ክፉ ቃል ከጨመሩት መካከል አንዳንዶቹ እነሱም አውፍ በሉን አሉ። አንዱ ከጅዳ ነው። የማን ልጅ እንደሆነ ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። «አባቱን አውቀዋለሁ» አሉና በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። ከዚያ የወንድሜን ራስ ዳበስ አድርገው፣ «አውፍ ብያለሁ» አሉ።

ወደ ሠራተኛውም ዞረው፣ «በቃ፣ ስልኩን ስጠው። ዋሱ እኔ ነኝ» አሉት።

ሠራተኛው ሊስማማ ነበር መሰል። እናቴ ግን ስልኩን ከእጄ ወስዳ ለሰውየው መለሰችለት። «መኸር አልደረሰም» አለች።

በማግስቱ ጠዋት ወደ ወልድያ ልመለስ ስል እናቴ እስከ መንገዱ ሸኘችኝ። ሽማግሌው ደጅ ስንደርስ እንደ ልማዷ ሰላምታዋን ለማቅረብ ጉሮሮዋን ጠረገች። ሳትጀምር ከአጥሩ ውስጥ «አሰላሙ አለይኩም!» የሚል ድምፅ መጣ። የቀደሙን እሳቸው ናቸው።