ሽልሻሎ የተከለከለበት ክረምት

ባለፈው ቅዳሜ አርችዌይ ሰፈር ባለችው የጓሮ መሬቴ የበቆሎ ቡቃያ እየነቀልኩ ሳሳሳ ልጄ መጣችና «እማዬ፣ ለምን ትነቅያቸዋለሽ? ሄልዚ ናቸው እኮ» አለችኝ። ሳላስበው ተቆጣኋት። እሷ ምን ታድርግ፣ ለንደን ተወልዳ ያደገች ናት።

በእኛ በራያ ቆላ ማሽላ ጥቅጥቅ ተደርጎ ይዘራል፤ ወፉም ይበላዋል፣ ፀሐዩም ያስቀረዋል ተብሎ ነው። ጉልበት ላይ ሲደርስ ግን ጥማድ በሬ አፉ ታስሮ በመሃሉ ይገባና ማረሻው ከፊሉን እየነቀለ ያሳሳዋል። የተረፈው ፈሩ ውስጥ የሚጠራቀመውን ውሃ ጠጥቶ እሸት ይሰጣል። ሽልሻሎ ይባላል። ለማያውቅ ሰው ሰብል ማጥፋት ይመስላል።

በደርግ ጊዜ ነው፤ ኮረዳ ነበርኩ። ማሳችን አስፋልት ዳር ነበር፣ ጉዳችንም ይኸው ሆነ። አባዬ ለሽልሻሎ በሬዎቹን ጠምዶ ሲወጣ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር አቆመው።

«ጋሼ ይመር፣ በሬ አይገባም። ከአውራጃ እንግዶች መጥተው ማሳውን ሊጎበኙት ነው። የለማ ሰብል ላይ በሬ መንዳት አሻጥር ነው ብለዋል።»

«አንተስ ገበሬ አይደለህ እንዴ? ዝናቡ ሊያቆም ነው እኮ።»

«መች አጣሁት። እኔም ልጆች አሉኝ።»

አሻጥር ያኔ ሰው የሚያስበላ ቃል ነበር። አባዬ በሬዎቹን ፈታ።

እንግዶቹ ዘግይተው መጡ፤ ጥቅጥቅ ያለውን ማሽላ አይተው አጨብጭበው ሄዱ። እስከዚያ ከወገብ በላይ አድጎ በሬ የማያስገባ ሆኗል። ነሐሴ ሳያልቅ ዝናቡ እንደ ልማዱ አቆመ። ያ ሁሉ ሥር ለአንድ ጉንጭ ውሃ ተሻማና ማሽላው ራስ ሳያወጣ አገዳ ሆኖ ቀረ።

የባሰው ገና ነበር። የእህል ኮታ የተመደበብን በዚያ ባጨበጨቡለት ማሳ ልክ ነው። አባዬ የለኝም ቢል፣ «ያን ሁሉ ማሽላ የት ደበቅኸው?» አሉት። በሬዎቹን ሸጠ፤ ከገበያ እህል ገዝቶ ለመንግሥት አስረከበ። ሊቀመንበሩ ሲረከበው ቀና ብሎ አላየውም። ከዚያ ወዲያ አባዬ የሰው በሬ እየለመነ ሲያርስ ኖሮ ሞተ። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

እዚህ ያሉ ያገሬ ሰዎች የዚያ ዘመን ችግር ሲነሳ «ዝናብ ጠፍቶ ነው» ይላሉ። እኔም ለልጄ እንደዚያ ስል ነው የኖርኩት። ቅዳሜ ግን አጠገቤ አስቀምጬ ነገርኳት። ዝናቡ አልጠፋም፤ እንደ ሁልጊዜው ትንሽ ሆኖ መጣ። አባቴ ለትንሽ ዝናብ የሚሆነውን ሥራ ያውቅ ነበር፤ እንዳይሠራ የከለከሉት ሰዎች ናቸው።

«ታዲያ ለምን ዝናብ ጠፍቶ ነው ትላላችሁ?» አለችኝ።

«ዝናብን መውቀስ አያሳስርም ነበር» አልኳት። «በዚያው ለመደብን።»