አማቱ ያስተኛችው በሽተኛ

ጋምቤላ ኦፕራሲዮን ክፍል የገባሁ ቀን የተሰጠኝ ሥራ መሣሪያ ማጠብ ነበር። ከደሴ ለመጣ ሰው የዚያ ክፍል ሙቀት ቀልድ አይደለም፤ ላቤ ጓንቴ ውስጥ ይንቆረቆር ነበር። የነርሶቹ ኃላፊ ማትረኗ "ሲስተር፣ ሙቀቱን በሥራ ትረሺዋለሽ" አሉኝ። አልረሳሁትም።

ያኔ የተጠማዘዘ አንጀት ሲመጣ ወዲያው ሆድ መክፈት ነበር። ሰርጅናችን ዶክተር ኦኬሎ ግን መጀመሪያ በራጅ ያያል፤ ቀጥሎ ካሜራ ያለውን ቱቦ በመቀመጫ በኩል አስገብቶ ጥምዝማዙን ይፈታል፣ አየሩን ያስወጣል። አንጀቱ ዳግም እንዳይጠማዘዝ በቢላዋ የሚገባው በኋላ፣ ሰውየው ሲጠነክር ነው። ቱቦውን እንደ ልጁ ይሳሳለታል፤ እኔ ሳጥበው እንኳ ቆሞ ይጠብቀኛል።

ኮንግን ከትየርኪዲ የስደተኞች መጠለያ በአምቡላንስ አመጡት። መለሎ ነው፣ የሁለት ልጆች አባት። ሆዱ እንደ ከበሮ ተወጥሯል። ዶክተር ራጁን አይቶ "ቶሎ ካልፈታነው አንጀቱ ይሞታል፣ እሱም አብሮ" አለ። ልብሱን ላወልቅለት ስል ኮንግ አንሶላውን በሁለት እጁ ጨበጠ።

"እዚህ አይሆንም። መልሱኝ።"

"ወንድሜ፣ ትሞታለህ እኮ።"

"ልሙት።"

ፈርቶ መሰለን። ዶክተር አባበለው፣ እኔ ተቆጣሁት፤ ወይ ፍንክች። ዞር ስል የሰመመን ባለሙያችን ኛዳክ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራለች። ያቺ ለማንም የማትመለስ ሴት እጄን ይዛ ወደ ኮሪደር አወጣችኝ።

"ሲስተርዬ፣ እኔን አይቶ ነው። የሚስቱ እናት ታናሽ እህት ነኝ። በእኛ በኑዌሮች ወግ እኔም አማቱ ነኝ፤ ለክብሬ ሲል ቀና ብሎ አያየኝም፣ እኔ ራቁቱን ከማየው ደግሞ ሞቱን ይመርጣል።"

"ከአንቺ ሌላ ሰመመን የሚሰጥ የለንም።"

"አውቃለሁ። ቱቦው ሰመመን አይፈልግም፣ እኔ አልገባም። ለቢላዋው ቀን ግን አንድ ነገር ዘይዱ።"

መውጣቷን ስነግረው የኮንግ እጅ ከአንሶላው ላይ ላላ። ዶክተር ቱቦውን አስገባ። አየሩ ሲወጣ ክፍሉ ምን እንደሸተተ አልነግራችሁም፤ እኛ ግን ደስ ብሎን ተቃቀፍን።

በቀዶ ሕክምናው ቀን ኮንግን እስከ አንገቱ ሸፈንኩትና ከአንገቱ በላይ በሁለት የግሉኮስ መስቀያ ብረቶች ላይ አንሶላ ጋረድኩ። ኛዳክ ከዚያ በኋላ ገባች፤ በራስጌው ቆማ፣ ፊቱን ብቻ እያየች አስተኛችው። ወትሮ አንገቷን አስግጋ ሆድ ውስጥ ታያለች፤ ያን ቀን አላየችም። "አንጀቱ እንዴት ነው?" ትላለች ከመጋረጃው ማዶ። "ደህና ነው" እላታለሁ። ከልክ በላይ ረዝሞ የሚጠማዘዘው አንጀት ተቆርጦ ወጣ፣ ጤነኛው ተሰፋ።

ወደ ቤቱ የሄደ ቀን ኮሪደር ላይ ተገጣጠሙ። ኮንግ አንገቱን ደፍቶ፣ ግድግዳ ተጠግቶ፣ ቃል ሳይተነፍስ አለፈ። እኔ በገንኩ።

"አትርፈሽው አመሰግናለሁ እንኳ አይልም?"

"አለኝ እኮ" አለች ኛዳክ፣ ዓይኗ እንባ አቅርሮ። "አላየኝም።"

ለእናንተ ለጀማሪዎች የምለው ይኸው ነው፤ ካሜራውን ከማብራታችሁ በፊት በሽተኛው ክፍሉ ውስጥ ማንን እንደሚያፍር ጠይቁት።