የዘጠኝ ቢ ሮስተር

ባለፈው ሳምንት ልጄ ሌንሴ ላፕቶፗን ታቅፋ መጣች። "አባ፣ ገጹ ይንቀራፈፋል።" በጃቫስክሪፕት የጻፈችውን አየሁት። የነዋሪዎችን ዝርዝር የሚያወጣ ኮድ ነው፤ ለእያንዳንዱ ነዋሪ፣ ከተማ፣ ክፍለ ከተማ፣ ቀበሌ፣ ቤት እያለ ከመጀመሪያው ይነሳል። የቢላ ከተማ ትዝ አለችኝ።

ያኔ ፀጉር ነበረኝ። ቢላ ያለ አንድ ትምህርት ቤት የተማሪ ደረጃ የሚያወጣ ፕሮግራም ካሳየሁ ሊቀጥረኝ ነው። ሰፈሬ ባኬ ጃማ ውስጥ ተቀጠርኩ ያላልኩት ሰው የለም። ከረባትም ገዝቻለሁ። ሰኔ ነው፤ ከአኖ ከተማ አለፍ ብሎ ሚኒባሷ ጭቃ ውስጥ ገባች። ከነከረባቴ ገፋሁ።

ቤቴ በአሥር ተማሪ ስሞክረው ይበር የነበረው ፕሮግራም፣ የትምህርት ቤቱ ተማሪ ሁሉ ሲገባበት ቀጥ አለ። መምህራኑ ሰዓት ያያሉ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ የመጨረሻዋ መኪና ትወጣለች።

"ኦቦ ኢንጂነር፣" አሉ ዳይሬክተሩ፣ "ኮምፒውተሩ ጸሎት ላይ ነው እንዴ?"

የመዝገብ ክፍሏ አዴ ብርቄ በቅቤ የታሸ የገብስ ጭኮ አቀረቡልኝ። "ብላ ኢልመ ኮ፣ ልጄ፣ ሱታ፤ ቀስ በል።" እሳቸው እንደሆኑ ደረጃውን በእጅ ጀምረዋል። የዘጠኝ ኤ ሮስተርን አንዴ ከመደርደሪያ አውርደው ጠረጴዛ ላይ ዘረጉ፤ ተማሪውን ሁሉ ከዚያው ያነጻጽራሉ። እኔ ግን ለእያንዳንዷ ውጤት ኮምፒውተሩን ከግቢው በር እስከ መደርደሪያው አስሮጠዋለሁ!

ዘለልኩ። ሮስተሩን ከሚደጋገመው ትእዛዝ፣ ከሉፑ፣ በላይ አንዴ አውርጄ አንድ ቫሪያብል ላይ አስቀመጥኩና ከዚያ እንዲያነብ አደረግኩ። ደረጃው ብልጭ ብሎ ወጣ። ተጨበጨበ። ጭቃ የለበሰ ከረባቴን አስተካከልኩ።

አዴ ብርቄ መነጽራቸውን አደረጉ። "ዘጠኝ ቢ አንደኛ ማን ነው ያልከው?"

"ገመቹ።"

"የእህቴ ልጅ ገመቹ? ዓመቱን ሙሉ በአንድ ደብተር የተማረው?"

የዘጠኝ ኤ ሮስተርን አውርጄ ሳልቀይረው ቀርቻለሁ። እስከ አሥር ዲ ድረስ ሁሉም በተራ ቁጥሩ የኤ ክፍልን ውጤት ወስዷል።

"ሴክሽኑ ሲቀየር ሮስተሩም ይቀየራል እንጂ!" አሉኝ። ውጭ የመኪናዋ ጥሩንባ ተነፋ። ቅቤ በነካው ጣቴ ሮስተሩን የምታወርደዋን መስመር በሴክሽኑ ሉፕ ውስጥ፣ ከተማሪው ሉፕ በላይ አስገባኋት። ፈጠነም፣ ልክም ሆነ። ገመቹ ወደ መጨረሻው ወረደ፤ መኪናዋም ሄደች።

"መስከረም ላይ ና፣" አሉ ዳይሬክተሩ፣ "ግን አዴ ብርቄ ሳያዩት ምንም አታትምም።"

ሌንሴንም ያቺኑ መስመር አስጻፍኳት፤ እሷም ከሉፖቹ ሁሉ በላይ አኖረቻት። ገጹ በረረ፤ ደስ ብሏት ልትነሳ ነው።

"ቆይ፣" አልኳት፣ "ቀበሌው ሲቀየርስ?"

ስክሪኑን አየችና ተመልሳ ተቀመጠች። ለእኔማ ይኸው እስከ ዛሬ፣ አንድ ነገር በፈጠነልኝ ቁጥር አዴ ብርቄ መነጽራቸውን ሲያደርጉ ይታየኛል።