ዲሊስ ለበጎቿ ጀርባዋን የሰጠችበት ቀን

በእኛ አካባቢ ሰው በአባቱ ስም ብቻ አይጠራም፤ የእርሻው ስም ይከተለዋል። ዲሊስ ጋፍን ሁሉም «የጉብታዋ ዲሊስ» ይላት ነበር። ጉብታው ቪርንዊ ወንዝ ትልቁን ሴቨርን ወንዝ ሊቀላቀል ሲቃረብ ባለው ረግረግ ሜዳ ላይ፣ እርሻዋ መሀል ተቀምጧል። ኖርማኖች ከፈረንሳይ ተሻግረው በመጡ ጊዜ ገበሬውን እያስገደዱ ያስቆለሉት አፈር ነው። አናቱ ላይ የነበረው የእንጨት ግንብ ከበሰበሰ ብዙ መቶ ዓመት አልፎታል። የቀረው ጉብታው፣ በዙሪያው የተቆፈረው ጉድባ፣ ከጉድባው ማዶ ደግሞ ግቢ የነበረው ሜዳና ሜዳውን የሚያጥረው፣ ከሰው ወገብ የማይበልጥ የአፈር ካብ ነው። ከከተማ እየመጡ ፎቶ የሚያነሱት ነበሩ። ለዲሊስ ግን ወንዙ ሲሞላ በጎቿን የምታወጣበት ቦታ ነበር።

ባሏ ከሞተ ስድስት ዓመት ሆኖት ነበር። እሷ ስልሳ ሰባት ዓመቷ ነበር፤ አጭር፣ ትከሻዋ ሰፊ፣ የባሏን ካፖርት ለብሳ ወገቧን በገመድ የምትታጠቅ። እኔ ከጎተራው ጀርባ ያለችውን ትንሽ ቤቷን ተከራይቼ የመንደሩ ትምህርት ቤት ውስጥ አስተምር ነበር።

በዚያ ዓመት የካቲት ላይ ሦስት ቀን ሳያባራ ዘነበ። በአራተኛው ቀን ትምህርት ቤቱ በዝናቡ ስለተዘጋ እኔም እሷ ጋ ነበርኩ፤ ጠዋት የባሏ ወንድም ኤምሊን መጣ።

«ዛሬ አውጫቸው» አላት።

«ውሃው ሚስማሩን አልነካም።»

ሚስማሩን አባቷ ናቸው ወንዙ ዳር ባለው የበር ምሰሶ ላይ የመቱት። ውሃው ሲነካው በጎቹ ይወጣሉ። ከዚያ በፊት ያወጣ ሰው ያረገዘ በግ በከንቱ ዳገት አስወጣ ይባላል።

«አባትሽ ሚስማሩን ሲመቱ ከላይ በኩል አዲሱ የጎርፍ መከላከያ አልነበረም።»

«አንተ ደግሞ ከሠርጌ ቀን ጀምሮ ዝናብ መጣ፣ ዝናብ መጣ እንዳልክ ነው።»

«ዘንቦ ነበር እኮ።»

አራት ሰዓት ላይ ውሃው መጣ፤ ግን በወንዙ በኩል አልነበረም። መከላከያው ያገደው ጎርፍ ዞሮ ከኋላችን በድሮው ጉድባ ገባ። ሚስማሩ ደረቅ እንደሆነ፣ በጎቹ ሜዳው ላይ እንደቆሙ፣ በእነሱና በጉብታው መሀል ውሃ ተኛ።

አርባ አንድ በጎች ነበሩ። ሊወልዱ ሦስት ሳምንት ቀርቷቸዋል። እንዲህ የከበደ በግ አይሮጥም፤ ከሮጠ ይጨነግፋል። ዲሊስ ውሻውን ዘግታበት፣ መኖ ያለበትን ባልዲ እያንኳኳች ከፊት ሆነች። «ነዪ፣ ነዪ፣ ነዪ።» ድምፅዋ እንደ ወትሮው ነበር። ውሃው ቁርጭምጭሚታችን ላይ ደርሷል፤ እኛ ግን ቀብር እንደሚሸኝ ሰው ቀስ እያልን እንሄዳለን።

ጉድባው የሚጠብበት ቦታ ስንደርስ ኤምሊንና እኔ የሜዳውን በር ከማጠፊያው ነቅለን ውሃው ላይ አጋደምነው። ዲሊስ ጆንያ አለበሰችው። በግ በበሩ ክፍተት መሀል ከሥሩ የሚሮጥ ውሃ ካየ አይረግጠውም።

«ፈረንሳዮቹ እንኳ እዚህ ጋ ድልድይ ነበራቸው» አለ ኤምሊን፣ በሩን በደረቱ ደግፎ።

«የእኔ በጎች አልነበሯቸውም። ዝም ብለህ ያዝ።»

ሠላሳ አምስቱ ተሻገሩ። ከዚያ ውሃው በሩን ከእጃችን ነጠቀው። ዲሊስ ወደ ጉድባው ዘልቃ ገባች፤ ኤምሊን የታጠቀችውን ገመድ ይዞ ወደ ኋላ ሳባት።

«ልቀቀኝ።»

«ብለቅሽ እነዚህን ማን ሊያዋልዳቸው ነው? እኔ?»

ማዶ የቀሩት ስድስቱ ዞረው በራሳቸው የአፈሩ ካብ ላይ ወጡ፤ በአንድ ረድፍም ቆሙ። ጥቂት ቆይቶ ሜዳው ጠፋ። ከካቡ ሁለት ክንድ የማይሞላ ጠባብ መስመር ብቻ ቀረ። እኛ ጉብታው ላይ ሆነን እናያለን። የፊተኛዋ በግ ባልዲውን አየችና አንድ እግሯን ውሃው ውስጥ ነከረች።

ዲሊስ ያኔ ገባት። ጠቦት ከነበሩበት ጊዜ ጀምሮ ባልዲውን ሲያዩ እንዲመጡ ያስተማረቻቸው እሷ ናት። ባልዲውን ካፖርቷ ውስጥ ወሸቀች፤ ጀርባዋን ሰጥታቸው ዳገቱ ላይ ተቀመጠች። ኤምሊን የተሻገሩትን ወደ ጉብታው ወዲያኛው ጎን ነዳቸው፣ እንዳይተያዩ።

«አስተማሪው፣ አንተ ቁጠርልኝ» አለችኝ። «እኔ ከዞርኩ ይመጣሉ።»

«ስንት ናቸው?» ትለኛለች በየጥቂቱ።

«ስድስት።»

ውሃው ከካቡ አናት አንድ ስንዝር ሲቀረው ቆመ። አፈሩ ግን ከሥር እየተበላ ነበር። እሷ አንዴም አልዞረችም። ኤምሊን ከኪሱ ዳቦና አይብ አውጥቶ ሰጣት፤ እየቆረሰች መብላት ጀመረች። በዚያ መሀል የካቡ ጫፍ ተናደና የመጨረሻዋ በግ ወረደች። ድምፅ አላሰማችም። ራሷን ቀና አድርጋ ከውሃው ጋር ጥቂት ሄደች፣ ከሜዳው ዳር ካለው የእሾህ አጥር ጀርባ ዞረች፣ ከዚያ በኋላ አላየኋትም።

«ስንት?»

«ስድስት» አልኩ።

አምስት ብላት ትነሳለች፣ ከተነሳች አምስቱም ወደ እሷ ሊመጡ ውሃው ውስጥ ይገባሉ ብዬ ነው። እስከ ዛሬ የምለው ይህንን ነው። ፊቷን ማየት ስለፈራሁም ሊሆን ይችላል። ከዚያ በኋላ ሁለት ሰዓት ያህል በጠየቀችኝ ቁጥር ስድስት እያልኩ ቆየሁ። አንዴ ጉልበቷ ደንዝዞ ልትነሳ ስትል «ቁጭ ይበሉ፣ ደህና ናቸው» አልኳት።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ውሃው ጎደለ። ዲሊስ ተነስታ፣ በኤምሊን ትከሻ ተደግፋ ጉድባውን ተሻገረች። በካቡ ላይ እየሄደች የእያንዳንዷን በግ ጀርባ በእጇ ዳሰሰች። መጨረሻው ላይ፣ የተናደው ቦታ ስትደርስ ቆመች።

«አርባ ልጅ ያስተምራል፤ እስከ ስድስት መቁጠር አይችልም» አለችው ለኤምሊን።

እሷ ወደ እኔ ዞረች።

«መቼ ነው የሄደችው?»

«ዘጠኝ ሰዓት ገደማ።»



«ዳቦውን ስበላ ነው እንግዲህ።»

ገመዷን አጥብቃ፣ ሳይጨልም በጓን ልትፈልግ በእሾሁ አጥር ጥግ ቁልቁል ወረደች።