አልጣሽ ልትጎበኝ መጣች

ሻርጃ ዘጠኝ ዓመት ኖራ ሻርጃን አላየቻትም። አልጣሽ ራሷ የምትለው እንዲህ ነው። ሙዋይለህ በሚባለው ሰፈር አንድ ቤት በሠራተኝነት ገብታ፣ ዓይሻ የተባለችውን የቤቱን ልጅ ከተወለደችበት ሳምንት ጀምሮ አሳደገች፤ «ማማ» የምትላቸውን የአሠሪዋን የማዳምን እናት አስታመመች። በ2004 ዓ.ም. ጓዟን ጠቅልላ ደብረ ማርቆስ ስትገባ፣ ስለ ከተማው የምታውቀው ከመኪናው የኋላ ወንበር ላይ ሕፃን ታቅፋ ያየችውን ያህል ብቻ ነበር። ባሕሩ ዳር ሄዳ ታውቃለች፤ ግን ቤተሰቡ ሲዋኝ ፎጣ ይዛ የምትቆመው እሷ ነበረች።

ያም ሆኖ አገሩን ትወደው ነበር። ደብረ ማርቆስ ላይ የሕፃናት ልብስ ሱቅ ከፈተች፤ ሱቁም ሰመረላት። ደንበኞቿ «ዐረብ አገር እንዴት ነበር?» ሲሏት የመከራ ወሬ ይጠብቃሉ። እሷ ደግሞ ስለ ብርዱ ወራት ማለዳ ጭጋግ፣ ስለ ዓሣ ገበያው ጩኸት፣ ማታ ማታ መናፈሻ ውስጥ ሣር ላይ ምንጣፍ አንጥፈው ስለሚያመሹት ቤተሰቦች ታወራለች። ሰዎቹ ግራ ተጋብተው ይሄዳሉ።

ግራ ያልተጋባችው ሲምረት ብቻ ነበረች። ሲምረት የአዲስ አበባ ልጅ ናት፤ ዱባይ ዴራ ውስጥ በአንድ ሆቴል የእንግዳ መቀበያ ላይ ትሠራለች፤ ዲስከቨሪ ጋርደንስ በሚባል ሰፈር ከሁለት ሴቶች ጋር አፓርታማ ተጋርታ ትኖራለች። «የመንገድ ወዳጆች» የሚል የፌስቡክ ቡድን ነበራት። አባላቱ የሄዱበትን አገር ፎቶ ይለጥፋሉ፤ ያልሄዱት ይጠይቃሉ። ሲምረት በዕረፍቷ ቀን ያነሳችውን ሁሉ ትለጥፍ ነበር። ከእያንዳንዱ ፎቶ ሥር አልጣሽ አለች፤ «ከማዶ ያለው ሕንፃ ምንድን ነው? ሽታው ምን ይላል? ሰው ይበዛል?» እያለች። ቀስ በቀስ በድምፅ መልእክት ማውራት ጀመሩ፤ ሁለት ዓመት አወሩ። ሻርጃ በአንድ የጭነት ድርጅት የሚሠራው ኪሩቤልም ገባበትና ሦስት ሆኑ።

አንድ ቀን አልጣሽ «ልመጣ ነው» አለች።

«ለሥራ?» አለች ሲምረት።

«ለጉብኝት። አሥር ቀን። ሜትሮ ላይ እወጣለሁ፤ ባሕር እገባለሁ፤ ዓይሻንና ማማን አያለሁ፤ እመለሳለሁ።»

ጊዜው መንግሥት ዜጎች ለሥራ ወደ ዐረብ አገር እንዳይሄዱ ያገደበት ጊዜ ነበር። በሕጋዊ መንገድ መሄድ የተከለከሉት ሴቶች በጉብኝት ቪዛ እየገቡ በዚያው ይቀሩ ነበር። ስለዚህ ብቻዋን «ልጎበኝ ነው» የምትል ሴት በተገኘችበት ሁሉ ትጠረጠራለች። አልጣሽንም አውሮፕላን ማረፊያው ላይ አንድ ሠራተኛ በትሕትና ጠየቃት።

«እዚያ ማን አለሽ?»

«ጓደኞች።»

«የት ነው የምታውቂያቸው?»

«በፌስቡክ።»

ሰውየው ጎንበስ ብሎ ፈገግታውን ደበቀና መለሳት። እሷም ሻንጣዋን እየጎተተች ወጣች፤ ደብረ ማርቆስ ሄዳ የሱቋን ንግድ ፈቃድ ይዛ ጥምቀት ካለፈ በኋላ እንደገና መጣች። በዚህኛው አለፈች።

ቪዛውን ያወጣው የሲምረት ሆቴል ነው። «የማውቃት ናት፣ ትመለሳለች» ብላ የፈረመችው ሲምረት ናት። አብራት የምትኖረው ናኦሚ ይህን ስትሰማ ጭንቅላቷን ነቀነቀች።

«ሁሉም እንደዚህ ብለው ነው የሚመጡት። ትጠፋብሻለች፣ ሙሽኪላው፣ መዘዙ ሁሉ፣ ላንቺ ይተርፋል።»

«ይቺ እንደዚያ አይደለችም።»

«አግኝተሻት ታውቂያለሽ?»



ሲምረት አውሮፕላን ማረፊያ ልትቀበላት ስትሄድ፣ በፎቶ የምታውቃት አልጣሽ ረጅም ትመስላት ነበር። የወጣችው ግን አጠር ያለች፣ አዲስ ነጭ ስኒከር ያደረገች የአርባ ዓመት ሴት ናት። ተያይተው ቆሙ።

«ድምፅሽን ነው የማውቀው» አለች አልጣሽ። «እስቲ ተናገሪ።»

«እንኳን ደህና መጣሽ፣ አልጣሽዬ።»

ያኔ ተቃቀፉ።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት እንዳሰቡት ሆኑ። አልጣሽ ሜትሮው ሾፌር እንደሌለው ስታይ የፊተኛው መስታወት ላይ ተለጥፋ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሄደች፤ ከዚያ ተመልሳ ሄደች። ዓርብ ዕለት ኪሩቤል በመኪናው ወደ አጅማን ወሰዳቸው። ጥር ስለሆነ ውኃው ቀዝቀዝ ይላል። አልጣሽ ጫማዋን አውልቃ ከነቀሚሷ እስከ ወገቧ ገባች። መጀመሪያ ሳቀች፤ ቆይታ ጀርባዋን ለእነሱ ሰጥታ ረጅም ጊዜ ቆመች። ሲምረት ፎቶ አነሳቻትና ቡድኑ ላይ ለጠፈችው።

ማታ አስተያየቶቹን አብረው አነበቡ። ብዙዎቹ ደስ የሚሉ ነበሩ። አንዱ ግን «ማዳም ፈቀደችልሽ?» ብሎ ጽፏል። ሌላዋ «እህቴ፣ ካለፍሽ አይቀር እዚያው ቅሪ» ብላለች። ከሥሩ የሚስቁ ፊቶች ተደርድረዋል።

«ላጥፋው?» አለች ሲምረት።

«ተዪው» አለች አልጣሽ። ስልኩን ግን ዳግመኛ አልነካችም።

በማግስቱ ለዓይሻ የሐበሻ ቀሚስ፣ ለአሮጊቷ ነጭ ማር ይዛ ብቻዋን ወደ ሙዋይለህ ሄደች። ማታ እደውላለሁ ብላ ነበር። አልደወለችም። ሲምረት ስትደውል ስልኩ ዝግ ነው። ሲምረት ሳትተኛ አደረች። ጠዋት ሆቴሉ ላይ የአለቃዋን ድምፅ በሰማች ቁጥር የምትባረር እየመሰላት ትደነግጣለች። እኩለ ቀን ላይ አልቻለችም፤ አስፈቅዳ ወጣችና ኪሩቤልን ጠራችው። አልጣሽ የቤቱን አድራሻ በስልክ ልካላቸው ስለነበር ለማግኘት አልተቸገሩም።

በሩን የከፈተችው ራሷ አልጣሽ ናት። ሰፊ የቤት ጀላቢያ ለብሳ፣ እጅጌዋን እስከ ክርኗ ጠቅልላለች፤ እጇ እርጥብ ነው።

ሲምረት ከላይ እስከ ታች አየቻት።

«ኸላስ፣ ሹግል ጀመርሽ፤ ሠራተኛ ሆነሽ ቀረሽ ማለት ነው።»

«ሲምዬ፣ ግቢና ልንገርሽ።»

«የማን ቤት ነው የምገባው? አንዲት ቃል መላክ አቃተሽ? ሰው ሁሉ ሲነግረኝ እሷ እንደነዚያ አይደለችም እያልኩ ስከራከርልሽ!»

«እንደነማን?» አለች አልጣሽ።

ኪሩቤል መሬት መሬት ያይ ነበር።

የሆነው እንዲህ ነው። ማዳም አልጣሽን ስታይ አቅፋ አለቀሰች፤ ሳሎን ሶፋው ላይ አስቀመጠቻት። አልጣሽ በዚያ ቤት ሶፋ ላይ ስትቀመጥ የመጀመሪያዋ ነበር። ዓይሻ ቁመቷ በልጧት ከደረጃው ወረደች፤ አፍራ ጉንጯን ሳመቻት። ከዚያ ከውስጥ ክፍል የሚያቃስት ድምፅ ተሰማ። «ማማ ከቢራ» ነበሩ፤ በዐረብኛ ትልቋ እመቤት ማለት ነው፤ የማዳም እናት። ግማሽ አካላቸው ሽባ ሆኗል። ሠራተኛዋ ትታ ሄዳለች፤ ከኢትዮጵያ እንደ ድሮው ሰው አይመጣም፤ ሌሎቹ አሮጊት ማንሳት ከበደን ብለው አልቆዩም። ማማ የገዛ ልጃቸውን እንኳ አያውቋትም። አልጣሽ ገብታ «ማማ» ስትላቸው ግን ዓይናቸውን ከፍተው ስሟን ጠሩ። ከእሷ እጅ ሾርባ ጠጡ። ሌላ ሰው ሲያጎርሳቸው አፋቸውን ይዘጋሉ።

አልጣሽ አጠበቻቸው፣ አንሶላውን ለወጠች፣ ጀርባቸው ላይ ያለውን ቁስል ቀባች፣ መዘጋቱን የማይወዱትን መስኮት ከፈተች። መሸ። የስልኳ ባትሪ አልቆ ነበር፤ ቻርጀሯ ሲምረት ቤት ቀርቷል፤ የሲምረት ቁጥር ደግሞ በቃሏ አልነበረም። ያደረችው በድሮ ክፍሏ ነው፤ ልብስ ማጠቢያው አጠገብ። ጠዋት ማንም ሳይቀሰቅሳት ተነስታ የሻይ ብርጭቆዎቹን ግማሽ ካጠበች በኋላ ነበር እንግዳ መሆኗ ትዝ ያላት።

ይህን ሁሉ በሩ ላይ ቆማ ነገረቻቸው። ሲምረት ሰማቻት፤ ግን ልቧ አልረጋም።

«ቢያስቀሩሽስ? ፈርሜልሻለሁ እኮ።»

አልጣሽ ገባ ብላ ቦርሳዋን ይዛ ተመለሰች። ፓስፖርቷን አውጥታ ሰጠቻት።

«እስክሄድ ድረስ አንቺ ጋ ይቀመጥ።»

ኪሩቤል በቀስታ «ተዪ፣ ሲምረት» አላት። ሲምረት ግን ተቀበለችና ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ያን ዘጠኝ ዓመት የአልጣሽ ፓስፖርት የተቀመጠው በማዳም ቁም ሣጥን ውስጥ ነበር። ሲምረት ይህን ታውቃለች፤ አልጣሽ ራሷ በድምፅ መልእክት አጫውታታለች።

የቀሩትን ቀናት አልጣሽ ጠዋት ወደ ሙዋይለህ እየሄደች ማታ ወደ ዲስከቨሪ ጋርደንስ ትመለስ ነበር። ሊያዩ ያቀዱትን ቦታ ማንም አላነሳም። ሲምረት እራት ታቀርባለች፤ አልጣሽ ታመሰግናለች፤ ይተኛሉ።

ከመሄዷ በፊት በነበረው ቀን ማዳም ወጥ ቤት ውስጥ አነጋገረቻት።

«ክፍልሽ እንዳለ ነው። አገርሽ መከልከሉን አውቃለሁ፤ ቪዛውን እዚሁ ሆነን እኔ እጨርሰዋለሁ። ዋላሂ፣ እንደ ድሮው አይሆንም። የፈለግሽውን ጠይቂ።»

«ሱቅ አለኝ፣ ማዳም።»

«እህትሽ ትያዘው።»

አልጣሽ ልቧ አልከጀለም ማለት ውሸት ይሆናል። ከማዶ ማማ ይጠሯት ነበር። ሄዳ ትራሳቸውን አስተካክላ ተመለሰች።

«እኔ የመጣሁት እንግዳ ሆኜ ነው» አለች።

ማዳም አልተቆጣችም። ቃሉን ከዚህ በፊት ሰምታው እንደማታውቅ ሁሉ አየቻት። ከዚያ ማቀዝቀዣውን ከፍታ፣ የምትፈልገውን ሳታገኝ መልሳ ዘጋችው።

ማማን ስትሰናበት አልጣሽ መሄዷን አልነገረቻቸውም። አጉርሳ፣ አፋቸውን ጠርጋ፣ እጃቸውን ስማ ወጣች። ዓይሻ እስከ ውጭው በር ሸኘቻትና «ነገ ስንት ሰዓት ትመጫለሽ?» አለቻት። አልጣሽ ግንባሯን ሳመቻት።

አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ሲምረት ፓስፖርቱን መለሰችላት። ሰልፉ ተንቀሳቀሰ።

«ደርሰሽ ጻፊልኝ።»

«እሺ» አለች አልጣሽ።

«ገብቻለሁ» የሚል አንድ ቃል ጻፈች። ከዚያ በኋላ ዝም አለች። የሲምረት ፎቶዎች ሥር ጥያቄ የሚጠይቅ ጠፋ። ሲምረትም መለጠፉን እያሳነሰች መጣች። ኪሩቤል ሁለቱንም ለየብቻ ይጠይቅ ነበር፤ ሁለቱም ደህና ነኝ ይሉታል።

ግንቦት ላይ ግን ሲምረት ሥራ ላይ ሳለች የድምፅ መልእክት ደረሳት። የአልጣሽ ነው፤ ድምፅዋ ጎርንኗል። ማማ ማረፋቸውን ዓይሻ ደውላ ነግራታለች። «እኔ መምጣት አልችልም። በእኔ ፈንታ ሄደሽ ለቅሶ ትደርሺልኛለሽ?» ይላል። ሌላ ቃል የለበትም።

ሲምረት ጥቁር ልብስ ለብሳ፣ ፀጉሯን ሸፍና ሙዋይለህ ሄደች። ሴቶቹ በሳሎኑ ዙሪያ ተቀምጠዋል። ማንንም አታውቅም። ማዳም ቀና ብላ አየቻትና ማን እንደሆነች ጠየቀቻት።

«የአልጣሽ ጓደኛ ነኝ» አለች ሲምረት በምታውቃት ትንሽ ዐረብኛ። «እሷ ናት የላከችኝ።»

ዓይሻ ከጥግ ተነስታ አጠገቧ ቦታ ለቀቀችላት። ሲምረት ከሳሎኑ ሳትወጣ ከሴቶቹ ጋር እስኪመሽ ተቀመጠች። ልትወጣ ስትነሳ ማዳም እስከ በሩ ተከትላት መጣች፤ እጇን ይዛ አመሰገነቻት። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ጠየቀቻት፦

«ለቤት ሥራ የምትሆን ሴት ታውቂያለሽ? ከእናንተ አገር?»

«አላውቅም» አለች ሲምረት።

ወደ ቤቷ ስትመለስ ለአልጣሽ ደወለችላት። በድምፅ መልእክት ሳይሆን በስልክ ሲነጋገሩ ከጥር ወዲህ የመጀመሪያቸው ነበር። ቤቱ እንዴት እንደነበር፣ ማን እንዳለቀሰ፣ ዓይሻ ጎኗ እንዳስቀመጠቻት ሁሉንም አንድ በአንድ ነገረቻት። በሩ ላይ የተጠየቀችውን ብቻ አልነገረቻትም።

አልጣሽ እስኪያልቅ ሰማቻት።

«ክፍሉ ውስጥ ገብተሽ ነበር? የማማ መስኮት ክፍት ነበር?» አለች።

«ክፍት ነበር» አለች ሲምረት።